የመብራቱ መስመር

ባለቤቴ በግድግዳውና በመኪናዬ መሃል ቆሞ የኋላውን ክዳን ሁለት ጊዜ በመዳፉ ሲመታ ሰምቼዋለሁ። ተጣልተን ስለነበር ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁ። ከቀብሩ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ «አልሰማሁም» አልኩ።

ዛሬ መኪናዋን ልሸጣት ስለሆነ፣ ክዳኑን ያቀናውና የቀባው ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ በአዲሱ ቀለም ላይ እንደ መስመር የተጋደመውን የረጅሙን አምፖል ነጸብራቅ በአንድ ዓይኑ አየ።

«እንከን ቢኖር በእጅ ብዳብሰው አላገኘውም፤ ቆርቆሮው ትንሽ ከጎደጎደ ግን ይህ መስመር ይታጠፋል» አለኝ።

«ታዲያ ቀጥ ብሏል?»

«እንዴታ! እንከን የሚያወጣለት ገዢ ካለ ዓይኑን ይታከም።» ከዚያ ይበልጥ ጎንበስ አለ። «አሁን ደግሞ ሁለት ቦታ ታጠፈ፤ መዳፍ መዳፍ የሚያህል።» ዓይኑን ከክዳኑ ሳያነሳ በትሕትና ጨመረ፦ «እትዬ፣ እባክዎ አይደገፉት።»

እኔ ከእሱ ጀርባ፣ ከመኪናዋ ርቄ በጋራዡ በር አጠገብ ነበር የቆምኩት።