እናት የሌላት ሙሽራ

የውበት ሳሎኗን ግብር የሚሠራላት የሒሳብ ባለሙያ ዋጋ ሲጨምርባት፣ «እኔም አፍ አለኝ» ብላ ራሷ ግብር ቢሮ ሄደች። የቀን ገቢዋ ሰሞኑን ተጋንኖ ተገምቶባት ነበር።

«ደንበኛ እኮ የለኝም ጌታዬ» አለችው ቅሬታ ሰሚውን። «ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሙሽራ ብቻዋን መጣች። እናትም እህትም የለኝም ስትለኝ አንጀቴን በላችው። ፀጉሯንም ሂናዋንም በነፃ ሠርቼ፣ እኔው እልል ብዬ ሸኘኋት። እንዲህ ነው የምውለው።»

ቅሬታ ሰሚው አንገቱን ደፋ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ገቢዋን የገመተችውን ሠራተኛ ጠራት።

ሠራተኛዋ ገባች። ባለሳሎኗ ቅዳሜ የሣለችላት ሂና ከእጇ ላይ ገና አልለቀቀም።

«እኔን ስትሠራኝ ወረፋው በር ድረስ ነበር» አለች፣ ቀና ብላ ሳታያት።