ያልታሰረው ማተብ

ሴትዮዋ መምህሩ ፊት ቁጭ ብላ ጣቷ ላይ የጠቀለለችውን የማተብ ክር ታፍተለትላለች።

«ክርስትና ሳትነሳ የሞተች ሕፃን ነፍሷ ወዴት ትሄዳለች?» አለች።

መምህሩ ሊቅነታቸው አገር ያወቀው ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይከብዳቸውም። ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወረዱና የቀደሙት አባቶች ያሉትን አነበቡላት። ግእዙን እየተረጎሙ፣ አንዱን ከሌላው እያመሳከሩ አብራሩላት። ድምፃቸው ጉባኤ ላይ እንደሚያስተምሩት ሁሉ የተረጋጋ ነበር።

«ገባሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጠዋት የንስሐ አባታችን ጋ ሄጄ ነበር። እሳቸውንም ይህንኑ ጠየቅኳቸው። ነጠላዬን ይዘው አብረውኝ አለቀሱ።»

«እንባ ትምህርት አይሆንም» አሉ መምህሩ፣ ዓይናቸውን ከገጹ ሳይነቅሉ።

ሴትዮዋ ክሩን ከጣቷ ፈትታ የተገለጠው መጽሐፍ ላይ አኖረችው። መምህሩ ክሩን ሲያዩ እጃቸው ገጹ ላይ ቀረ።

«ይኸው፣ ለክርስትናዋ ቀን ብለህ አንተው የገመድከው» አለች። «በቃ፣ መጽሐፉን እጠፈውና አብረኸኝ አልቅስ። ልጅህ እኮ ናት።»