የእማዬ ምርኩዝ

ከቀብር መልስ ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል። የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም መሃል ቆሞ ስለ እናታቸው ይናገራል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ጥግ ተቀምጣለች።

«እሑድ እሑድ ደግፌ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ነበርኩ» አለና ዓይኑን ጠረገ።

«ተባረክ! ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» አሉት አንዲት ጎረቤት።

የልብስ ሰፊዋ ደም ፈላ። እናቷን እግሯ ሲያብጥ አዝላ ያን ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ የወጣችው ማን ሆነችና! እሱ እንደሆነ የእናቱን ደጃፍ ከረገጠ ስንት ዘመኑ።

እናቷ ውሸት ስትሰማ ከሰው አትጣላም ነበር። ካለችበት ሆና በምርኩዟ ወለሉን አንዴ ኳ ታደርጋለች፤ በቃ። ሰባኪውም እንኳ አልቀረለትም። ዛሬ ጠዋት ያንን ምርኩዝ ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ አጠገቧ ያስተኛችው ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት።

«እማዬ፣ ትሰሚዋለሽ?» አለች በንዴት፣ ለራሷ ያህል።

ከእናቷ መኝታ ክፍል ኳ አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ክፍሉ በር ዞረ። የወንድሟ ፊት አመድ መሰለ። «እዚያ ውስጥ ማን አለ?»

በሩን የቆለፈችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ቁልፉም ኪሷ ውስጥ ነው።

«ማንም የለም» አለችው።

ኳ አለ።