የተጣለው ብልቃጥ

የላውንደሪው ባለቤት በሌለችበት ስሟ አሚዶ ነው። ኮሌታ የሚያደርቀው አሚዶ እንኳ ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል፣ እሷ ግን በምንም አትለሰልስም ይሏታል ደንበኞቿ። ልብስ ተኳሿን ደግሞ ካውያ አሏት፤ የነካትን ታቃጥላለች።

ሁለቱ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ በእንፋሎት ተቀቅለዋል። አንድም ቀን ደህና ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ የመጣችው ሰኞ ነው። በየሱቁ እየዞረች ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ የሚሆን ብልቃጥ ለሴቶች ታድላለች። ናሙናውን ራስሽ ትወስጃለሽ፣ አሽገሽ ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለው ሣጥን ውስጥ ትከቺዋለሽ፣ አለቀ። አሚዶ እጇን እንኳ አልዘረጋችም። ባሌ ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው፣ ሂጂና ወንድ ላላቸው ስጪ ብላ ደንበኛ ፊት አሳፈረቻት።

ካውያ ግን ተቀበለች። እናቷን የቀበረችው በዚሁ በሽታ ነው፤ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። እሷን ራሷን ዓምና ሲመረምሯት ትንሽ ነገር ተገኘባት። ገና ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ተደርሶበት ስለነበር በአሥር ደቂቃ አቃጥለው አጠፉላት፣ በማግስቱ ሥራዋ ላይ ቆመች። ዘንድሮ ተመልሶ እንዳይሆን መታየት አለባት። ስሟንና ስልኳን ብልቃጡ ላይ ጻፈች፤ ማታ ቤቷ ልትወስደው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

አሚዶ ቀኑን ሙሉ ስትለክፋት ዋለች። እንዴት አድርገሽ ነው የምትከቺው? ያማል? ውጤቱስ ስንት ቀን ይፈጃል፣ እስከዚያ ሥራ ፈትተሽ ልትጎለቺብኝ ነው?

ማታ ብልቃጡ የለም።

«እትዬ፣ ብልቃጤን አይተውታል?»

«ጣልኩት። እዚህ የሚታጠበው ልብስ ነው።»

ካውያ የቆሻሻውን በርሜል ገልብጣ በእጇ ፈተሸች። ቁልፍና የልብስ ብናኝ ብቻ። ነርሷ ጋ ስትደውል፣ ብልቃጡ አልቋል፣ የሚቀጥለው ዙር እስኪመጣ ጠብቂ አለቻት። እናቷም እንዲሁ ስትጠብቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሴትዮዋ ነገር ሁሉ አንገሸገሻት። ስድስት ማሽን እያላት፣ ለመብራት ሰስታ፣ የራሷን ቀሚስ ጓሮ ተደብቃ በእጇ ታሻለች። ነጭ ካልሆነ የማትለብስ የነበረች ሴት፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ልቧን መስላ ከጥቁር አልወጣ ብላለች። በሥራ ሰዓት ስልክ ክልክል ነው ስትል ኖራ፣ አሁን ደግሞ ስልክሽን ባንኮኒው ላይ አድርጊው፣ የሚደውልልሽን ልወቅ አለች። ጠዋት ማታ «ማን ነው የደወለው?» ነው። ጠባቂ የቆመባት እስረኛ አደረገቻት።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ካውያ ሽርጧን ፈትታ ባንኮኒው ላይ ወረወረችው።

«ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። እናቴን የበላ በሽታ እኔንም ቢያገኘኝ፣ በእርስዎ እጅ ነው።»

«በሽታሽን እኔ አላመጣሁብሽ» አለች አሚዶ። ዓይኗ ስልኩ ላይ ነበር።

ስልኩ ጠራ። የካውያ እጅ እርጥብ ስለነበር በክርኗ ነክታ ድምፁን ለክፍሉ ለቀቀችው።

ነርሷ ናት። ውጤትሽ መጥቷል አለች። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ተገኝቷል፣ ካንሰር ነው ማለት ግን አይደለም፤ ነገ ጠዋት መጥተሽ መታየት አለብሽ። ደም የሚፈስሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን እንዳታሳልፊ።

«የምን ውጤት? እኔ ምንም አልሰጠሁም። ብልቃጤን ይቺ ሴትዮ ጥላዋለች።»

ነርሷ ግራ ገባት። ስሙም ስልኩም ያንቺ ነው፣ ብልቃጡን በሰጠሁሽ ማግስት፣ ማክሰኞ፣ በደንብ ታሽጎ ሣጥኑ ውስጥ ነው የተገኘው አለች።

ካውያ የቀራትን ስድብ ሁሉ ልታወርድባት ወደ አሚዶ ዞረች።

«ስንት ሰዓት ልሂድ?» አለች አሚዶ።