ያልቃና ባሌስትራ

የሸዋረግ ባል አዲ አርቃይ መንገድ ላይ ማኪናው ተገልብጦ ሞተ። እሷም የማኪናውን ክብደት የሚሸከመውን ጎባጣ ብረት፣ ባሌስትራውን፣ አዘዞ ወዳለው ብረት መቀጥቀጫ ቤታቸው አምጥታ ቢላዋ ልታደርገው ተነሣች። እስኪቀላ አግላ፣ ቀጥቅጣ አቃናችው። እንዲጠነክር ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ እንዳይሰባበር ደግሞ ለዘብ ባለ እሳት መልሳ አሞቀችው።

ጠዋት ስትመጣ ቢላዋው እንደ ድሮው ጎብጦ ጠበቃት። እንደገና አቃናችው። በማግስቱም ጎበጠ።

«ምነው አትጥይውም?» አሏት ጎረቤቷ አያ ሀዳነ።

«ብረት በእሳት ውስጡ ይለወጣል፣ አያ። ይኼም ባሌን ነጥቆኝ፣ እንደነበረ ሆኖ አይቀርም!»

ለሦስተኛ ጊዜ አቅንታ፣ ብረት ቆንጥጦ በሚይዘው ወፍራም ሞርሳ ጠርቅማ አሰረችው።

ጠዋት ቢላዋው ቀጥ ብሎ ነበር። የጎበጠው ሞርሳው ነው።

ሸዋረግ እጅጌዋን ሰብስባ ሞርሳውን ፈታችና እሳት ውስጥ ከተተችው።