ኔትወርኩ የማያውቀው ካርድ

ውኃ የሚለቀቀው ኮምፒውተሩ ከሰፈሩ ኔትወርክ ጋር ለተገናኘ ቤት ብቻ ነው። የእማማ ዘነበች ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ፣ ኔትወርኩ በታደሰ ቁጥር ጎረቤታቸው ጌትነት መጥቶ የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር፣ ካርዱን ከኔትወርኩ የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ያስተካክልላቸዋል። ዛሬ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ታግሎ አልሆነለትም።

«አሁንም እንቢ አለህ?»

«አዲሱ ኔትወርክ ካርዱን ጭራሽ አያውቀውም፣ እማማ። ድራይቨር ብጽፍለትም አይቀበለኝም።»

«እስኪ ደህና አድርገህ ለምነው።»

ጌትነት ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ግድ የለም፣ ከእኔ ቤት ይቀዳሉ።»

«ያንተ ቧንቧስ ውኃ አለው?»

ጌትነት ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። የሁለቱም ኮምፒውተር እኩያ ስለሆነ የእሱም ቧንቧ ደርቋል።

እማማ ምሳ አቀረቡ። ጌትነት እንደ ወትሮው ሊታጠብ ሁለት እጁን ዘረጋ። እማማ ማስታጠቢያውን አንስተው ነቀነቁትና መልሰው አስቀመጡት። ከዚያም በተዘረጋው መዳፉ ላይ ማንኪያ አኖሩለት።