የተገለበጠች ጀልባ

መጋረጃው ሲከፈት አዳራሹ ሁሉ ወደ መድረኩ አፈጠጠ፤ ፈይዛ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ቀረ። ወደዚህ አሮጌ ትያትር ቤት ብቻዋን የመጣችው ለአንድ ምሽት እንኳ ከዚያች ጀልባ ለመሸሽ ነበር። አባቷ ጀምረዋት የሞቱባት ጀልባ፣ ጎድን የሚሆኗት የጎበጡ እንጨቶች ሳይሟሉ ጣና ዳር ከቆመች ዓመት አልፏታል። ለጎድን እሳቸው ይመርጡት የነበረው፣ ሲበቅል ጀምሮ የጎበጠ ረጅም ግንድ ዛሬ ከየት ይመጣል?

ጣሪያውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተሸከሙት ቅስቶች ልክ የተገለበጠች ጀልባ ሆድ ይመስሉ ነበር። ዓይኗን አጥብባ አየቻቸው። አንዱም ወጥ እንጨት አልነበረም! አጫጭር ሳንቃዎች ጫፍና ጫፋቸው ተደራርቦ፣ በብሎን ተያይዘው ነው ያን ሁሉ የጎበጡት። አጫጭር ሳንቃ ደግሞ ግቢዋን ሞልቶታል። ከመቀመጫዋ ሆና እጇን ወደ ላይ ዘርግታ መጋጠሚያዎቹን ከሩቅ በስንዝር ለካች።

«ልጄ፣ ትያትሩ እኮ ከፊትሽ ነው» አሏት አጠገቧ የተቀመጡት አዛውንት።

«የእኔው ከላይ ነው፣ አባባ። የጀልባዬን ጎድን አገኘሁት!»

ተዋንያኑ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ፈይዛ ጣሪያውን እያየች አጨበጨበች። አዛውንቱ ግራ ተጋብተው ተከተሏት። ከዚያ የፊተኛው ረድፍ፣ ከዚያ የኋለኛው፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።